የጥይት መኪና በሊትር ስንት ትሄዳለች?

አባ ቀስታ ዕድሜውን በከተማ አውቶቡስ መሪ ላይ ጨርሶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ስሙን ያወጡለት ተሳፋሪዎቹ ናቸው። ቀይ መብራት ገና ከሩቅ ሲያይ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ያነሳል፤ አውቶቡሱ በያዘው ፍጥነት እየተንከባለለ፣ እየደከመ መብራቱ ጋ ሲደርስ ፍሬኑን ነካ አድርጎ ያቆመዋል። ቆሞ የሚሄደው ሰው አይንገዳገድም፤ ማንም የማንንም እግር አይረግጥም። የቸኮለ ሰው በሆዱ ይረግመው ነበር። ልጅ ያዘለች፣ እንቁላል የያዘች፣ ወገቡን የሚያመው ሰው ግን ሌላውን አውቶቡስ አሳልፎ የእሱን ይጠብቃል። ከእነዚህ አንዷ «ይሄስ አባ ቀስታ ነው» አለች አሉ፤ ስሙም በዚያው ጸና። ሚስቱ ሳትቀር በዚሁ ነው የምትጠራው።

ታናሽ ወንድሙ ደግሞ ጥይት ይባላል። ለእሱ ስሙን ያወጣችለት እናታቸው ነበረች፤ ሱቅ ስትልከው ምን እንደሚገዛ ሳይሰማ እየወጣ ስላስቸገራት። ካደገ በኋላም ያው ነው። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግንበት ጠባብ ሱቅ ነበረው፤ እዚያም ቢሆን ደንበኛው የመጣበትን ጉዳይ ተናግሮ ሳይጨርስ የዕቃው ሆድ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

መኪናዋን የገዛት ሱቁ ደህና በሠራበት ዘመን ነው፣ ከሌላ ሰው እጅ። ሁለት በር ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ ጥቁር ሰማያዊ ስፖርት መኪና ነበረች። ስትነሳ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማታል። ጥይት ሚስት አላገባም፤ ምነው ብሎ የጠየቀው ካለ «መኪናዬ ትቀናለች» ብሎ ይመልሳል። የእሁድ ምሳውን የሚበላው እነ አባ ቀስታ ቤት ነበር፤ ምሳው ደግሞ ያለ መኪናዋ ወሬ አይወርድላቸውም። ነገሩን የሚለኩሰው ሁልጊዜ ታላቅየው ነው፤ ይቺ መኪናህ የአውቶቡሴን ያህል ትጠጣለች ይለዋል። ታናሽየው ማንኪያውን ያስቀምጥና በሊትር አስራ አራት ኪሎ ሜትር እንደምትሄድ፣ ስፖርት መኪና ሁሉ ነዳጅ ይፈጃል የሚባለውም ነድተዋት የማያውቁ ሰዎች ወሬ እንደሆነ ያስረዳል። አባ ቀስታ፣ አስራ አራት የምትሄደው ቁልቁለት ላይ ሞተሯን አጥፍተህ ነው ይለዋል። ሚስቱ በበኩሏ፣ ስለ ቤንዚን የምታወሩትን ሩብ ያህል ስለ ምግቤ ብታወሩ እጄ በተባረከ ነበር እያለች ሳህኑን ታነሳለች።

ጨዋታው የተበላሸው አባ ቀስታ ጡረታ የወጣ ሰሞን ነው። የሥራ ባልደረቦቹ ቤቱ ምሳ ተጋብዘው መጥተው ነበር፤ ሹፌሮች፣ ትኬት ቆራጮች፣ ጋራዥ የሚሠሩ ልጆች። አንዱ፣ እንግዲህ መንዳቱ ይናፍቅሃል ወይ ብሎ ጠየቀው። አባ ቀስታ መልሱን ገና እያሰበ ሳለ ጥይት ቀደመው።

«ጋሼ እኮ ሲነዳ አልኖረም» አለ። «ሲያቆም ነው የኖረው።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አባ ቀስታም አብሮ ሳቀ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ግን አባ ቀስታ ወንበሮቹን ወደየቦታቸው ሲመልስ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ሚስቱ ያን ዝምታ ታውቀዋለችና አልጠየቀችውም። ከዚያ ወዲህ የእሁዱ ምሳ እየሳሳ ሄደ። አንዱ እሁድ ጥይት ሥራ በዝቶበታል፣ ሌላው እሁድ እነ አባ ቀስታ ለቅሶ አለባቸው። የተጣላ የለም፤ ግን ማንም ማንንም አልፈለገም።

በዚህ መሃል የጥይት ዓይን ደከመ። ስኳር እንዳለበት ከተነገረው ቆይቷል፤ እሱ ግን በሽታውን እንደ ሌላው ነገር ሁሉ እየሮጠ የሚያመልጠው መስሎት ነበር። መጀመሪያ የመንገድ ምልክቶቹ ጠፉበት፣ ቀጥሎ የሱቁ ጥቃቅን ሽቦዎች፣ በመጨረሻም የሰው ፊት። ሐኪሙ፣ የሄደው ብርሃን አይመለስም፣ ክትትሉ የቀረችውን ጭላንጭል ለማቆየት ነው አለው። ሱቁን ዘጋ። መኪናዋን ሸራ አልብሶ ደጁ ላይ አቆማት። ልግዛህ ያለውን ሁሉ ግን ከበር መለሰ።

አንድ ጠዋት ለወንድሙ ደወለ። ክሊኒክ ቀጠሮ እንዳለው ነገረው።

«ጋሼ፣ በኔ መኪና ውሰደኝ» አለው።

አባ ቀስታ በታክሲ እንሂድ ሊል ነበር፤ ድምፁን ሲሰማ ተወው።

መኪናዋ ውስጥ መግባቱ ራሱ አንድ ሥራ ሆነበት። ዕድሜውን ሙሉ ሁለት ደረጃ ወጥቶ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው አሁን ጉድጓድ ውስጥ የሚወርድ መሰለው፤ አንዱን እግሩን አስገብቶ ሌላውን በእጁ ጎትቶ አመጣው። ከአውቶቡሱ መስኮት የመኪናዎችን ጣሪያ ሲያይ ኖሮ፣ አሁን የጭነት መኪና ጎማ ከጆሮው እኩል ይሽከረከራል። ፍሪሲዮኑ ደግሞ ጠንካራ ነው፤ በረገጠው ቁጥር ግራ ጉልበቱ ይቆረቁረዋል። ጥይት ከጎኑ ተቀምጦ ሞተሯን በጆሮው እየተከተለ ያዘዋል፤ ማርሽ ለውጥ፣ አታስጨንቃት፣ ልቀቃት።

የት ይለቃታል? መንገዱ እንደ ወትሮው ተጨናንቋል። አስር ሜትር ሄዶ መቆም፣ አምስት ሜትር ሄዶ መቆም። አባ ቀስታ እንደ ልማዱ ቀድሞ እግሩን እያነሳ፣ ከፊቱ ክፍተት እየተወ በዝግታ ነዳት፤ ክፍተቱን ያየ ሁሉ ግን እየገባ ይቀድመዋል፣ ከኋላው ያለው ጥሩንባ ይነፋል። ትልቅ ሞተር ቆሞም ይበላል። በዳሽቦርዱ መሃል፣ ሞተሯ ከተነሳ ጀምሮ በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደች የምትናገር ትንሽ መስኮት አለች፤ ክሊኒኩ በር ላይ ሲደርሱ ጥይት እሷን እንዲያነብለት ጠየቀው።

አባ ቀስታ አየ። ደግሞ አየ።

«ስድስት ነጥብ አራት» አለ።

የአውቶቡስ እግር ነው ወይም በሁለተኛ ማርሽ ብዙ ጎተትካት ብሎ ጥይት እንዲከራከረው አባ ቀስታ ጠብቆ ነበር፤ ቢከራከረው ይሻለው ነበር። ጥይት ግን በሩን በዳበሳ ከፈተና ወረደ። ሲመለሱም ስለ ቁጥሩ አላነሳም። ሸራውን ሲያለብሳት እጁ መኪናዋ ጀርባ ላይ ትንሽ ቆየ።

አባ ቀስታ የሆነውን ለሚስቱ ነገራት። እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌዋን ከአፏ አውጥታ ተመለከተችው።

«ምን ነበረበት ዘጠኝ ብትለው?»

«የማያይ ሰው ነው» አላት። «እኔ ከዋሸሁት ሌላ ማን ይነግረዋል?»

እሷም እንደሱ ከሆነስ እውነቱ ደስ የሚያሰኝበትን ቦታ ፈልግለት አለችውና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። አባ ቀስታ ለጊዜው ነገሩ አልገባውም። ከራት በኋላ ሳህን ሲያጥብ ገባው። ታላቅ እህታቸው፣ እቴቴ የሚሏት፣ የምትኖረው ሩቅ ከተማ ነው፤ እዚያ የሚወስደው አውራ ጎዳና ደግሞ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፣ መብራትም አደባባይም የለበትም። ጥይት መኪናዋን ሊያሞግስ ሲፈልግ የሚያነሳው ያንን መንገድ ነበር። ደውሎ፣ እቴቴን ሳናያት ቆየን፣ ቅዳሜ እንሂድ አለው። ጥይት በምን እንሂድ ብሎ አልጠየቀም።

ቅዳሜ ጠዋት ከከተማው መውጫ ላይ ካለው ማደያ ነዳጅ ሞሉ። ጥይት ራሱ ወርዶ ቆመ፤ ሰልባትዮው፣ የነዳጅ ማጠራቀሚያው፣ እስከ አንገቱ ይሙላ፣ ጠብታ እንዳይቀር ብሎ ቀጂውን አስጨነቀው። ከዚያም የመጨረሻውን ፋብሪካ አልፈው ወጡ።

አባ ቀስታ እንዲህ ዓይነት መንገድ ላይ ነድቶ አያውቅም። የእሱ ዓለም ከፌርማታ ፌርማታ ነበረች። መጀመሪያ ላይ እጁ መሪውን አጥብቆ ያዘ፤ ቀስ በቀስ ግን መኪናዋ ራሷ ቀለለችው። በከተማ ውስጥ ስታጉረመርምና ስትነጫነጭ የነበረችው አሁን በከፍተኛው ማርሽ፣ ዘጠና ላይ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትንሳፈፋለች። መስኮቶቹን ዘጋ። ዳገት ሲመጣ ቀድሞ ትንሽ ይሰጣታል፣ ጫፉ ላይ ሳይደርስ እግሩን ያላላል፤ ኩርባ ሲያይ ገና ከሩቁ ይለቃታል። ጥይት ሁለት ሦስቴ ጨምር እንጂ አለው። እሱ እሺ ይላል፣ አይጨምርም። ትንንሽ የቤት መኪናዎች ሳይቀሩ እየቀደሟቸው ያልፋሉ። አንዱ መኪና ሙሉ ልጆች የኋላ መስኮት ላይ ተጣብቀው፣ ስፖርት መኪና ቀደምን በሚል ዓይነት በእጃቸው እያመለከቱና እየሳቁ አለፉ፤ አባ ቀስታ ይሄንን ለወንድሙ ሳይነግረው ዋጠው።

ከመንገዱ ግማሽ በላይ ሲሄዱ ጥይት፣ ስንት ትላለች ብሎ ጠየቀ፤ እንዲሁ በዘፈቀደ የጠየቀ ለመምሰል ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር።

«አስራ ሦስት» አለው።

ጥይት ፊቱን መለሰ። ጉንጩ ቀልቷል።

«ሚስትህ ነግራሃለች።»

«ምኑን?»

«ይሄ ምስኪን ዓይኑ ጠፍቷል፣ ደስ ይበለው አላለችህም? በከተማ ስድስት ያልከኝን መኪና ነው አሁን አስራ ሦስት የምትለኝ። ጋሼ፣ ስድስቱን ስትነግረኝ ሰው ቆጥረኸኝ ነበር።»

አባ ቀስታ መስኮቷ የምትለውን ነው ያልኩህ ብሎ ማለለት። በእናታቸው ማለለት። በጨመረ ቁጥር ጥይት ይበልጥ ኮስተር አለ። እውነት ተናግሮ አለመታመን ለአባ ቀስታ አዲስ ነገር ነበርና ምን እንደሚያደርግ ጠፋው።

የእቴቴ ከተማ መግቢያ ላይ ማደያ አለ። ጥይት ያንን መንገድ በልጅነቱ በአውቶቡስ፣ ካደገ በኋላም በራሱ መኪና ስለተመላለሰበት፣ ማደያው ጋ ሲደርሱ ከመንገዱ መታጠፊያና ከጉብታው ለየው። አቁም አለ። ከሞላንበት እስከዚህ ሁለት መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ነው፣ ይሄንን ማንም አይዋሸኝም አለና ወርዶ መኪናዋን እየዳበሰ ወደ ሰልባትዮዋ ክዳን ሄደ። ቀጂዋ ሰማያዊ ቱታ የለበሰች፣ ወፈር ያለች ሴት ነበረች።

«እህቴ፣ እስከ አንገቷ ሙዪልኝ» አላት። «ሲያቆምብሽ ጠብቂና ደግሞ ጨምሪ። ከዚያ ስንት ሊትር እንደገባ አንቺ ራስሽ ንገሪኝ፤ እሱ አይንገረኝ።»

ሴትየዋ አባ ቀስታን አየችው። አባ ቀስታ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሰማይ ሰማይ አየ። ሞላች፤ ቆመባት፤ ጠብቃ ጨመረች። ጥይት የቧንቧውን አንገት በጣቶቹ ይዞ ፈሳሹ ሲያልፍ እየሰማ ነበር።

«ሃያ» አለች።

«ሃያ ምን?»

«ሃያ ሊትር ነዋ።»

«ይሄ ሰውዬ ምልክት ሰጥቶሻል?»

«የምን ምልክት?» አለች እሷ፤ ትዕግስቷ እያለቀ ነው። «ቁጥሩ ያለው ማሽኑ ላይ፣ እሱ የቆመው እዚያ ማዶ። ሃያ ሊትር ነው ወንድሜ፤ አነሰብህ እንዴ?»

ጥይት ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አሰበ። ሁለት መቶ ስልሳን ለሃያ። ከዚያ ጀርባውን መኪናዋ ላይ ደገፍ አድርጎ መሳቅ ጀመረ፤ ስቆ ስቆ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። ሴትየዋ ግራ ገብቷት ቧንቧውን ሰቀለች። ወደ መኪናው ሲገቡም ገና እየሳቀ ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ በዚህ መንገድ አስርን አልፌ አላውቅም» አለ።

«አስራ አራቱስ?»

«የሸጠልኝ ሰውዬ ነው የነገረኝ። እኔ መቶ አርባ፣ መቶ ሃምሳ ላይ እየነዳሁ የት ይመጣል? ግማሽ መንገድ ላይ እየቀዳሁ ነበር የምሄደው።»

አባ ቀስታ መሪውን ያዘ። «እኔም ዋሽቻለሁ» አለ። «አውቶቡሴ በሊትር ሁለት ተኩል ከሄደ ጥሩ ቀን ነው። ያንተዋ መቼም ያን ያህል አትጠጣም።»

ሌላ መኪና ከኋላቸው ተራ እየጠበቀ ነበር። ሴትየዋ ወደፊት እንዲሉ በእጇ አመለከተች። አባ ቀስታ ሞተሩን አስነሳ፤ ጥይት ግን ክንዱን ያዘው።

«ያን ቀን፣ ሲያቆም ነው የኖረው ያልኩት…»

«ሰው ሳቀ፣ አለፈ።»

«አንተ አልሳቅክም።»

«ስቄያለሁ።»

«ሳቅህን አውቀዋለሁ ጋሼ። የዚያን ዕለቱ ያንተ አልነበረም።» እጁን ከክንዱ ላይ አነሳ። «ዛሬ መንገዱን ሙሉ ፍሬን ስትይዝ አልሰማሁህም። ኩርባው ላይ እንኳን። እኔ ዓይኔ እያለም እንደዛ መንዳት አልችልም ነበር።»

ከኋላ ያለው መኪና ጥሩንባውን ነፋ። አባ ቀስታ ማርሽ አስገባ፤ ከማደያው ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተሩ በእጁ ጠፋበት።

እቴቴ ሁለቱን አንድ ላይ ስታይ በር ላይ ቆማ፣ ማን ሞቶ ነው የመጣችሁት አለቻቸው። የነዳጁን ነገር ሲነግሯት ሁለቱንም አልሰማቻቸውም፤ ያስደነቃት ከሁሉም በላይ አባ ቀስታ ከዚያች መኪና ውስጥ በራሱ ጉልበት መውጣቱ ነው። ከምሳ በኋላ እኔንም አዙሩኝ አለች። የኋላው ወንበር ለስሙ ያህል ነው፤ ጥይት እግሩን አጣጥፎ እዚያ ተወሸቀ፣ እሷ ፊት ተቀመጠች፣ ሁለት ጊዜ ከተማውን ዞሩ። ከመኪናዋ ለማውጣት ሁለቱም ወንድሞች ጎተቷት።

ከዚያ በኋላ ለክሊኒኩ ቀጠሮ አባ ቀስታ መኪናዋን እምቢ አለ። በሊትር ስድስት ለምትሄድ መኪና ትራፊክ ውስጥ አልቀመጥም፣ ከፈለግክ በአውቶቡስ እንሂድ አለው። ጥይት አውቶቡስ ከተሳፈረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ተነጫነጨ፣ ሰው ይገፋኛል አለ፣ ሽቶና ላብ ሸተተኝ አለ። ሹፌሮቹ ግን አባ ቀስታን ያውቁታልና ከፊት ያለውን ወንበር ያስለቅቁላቸዋል። እየዋለ ሲያድር ጥይት ፌርማታዎቹን በመታጠፊያቸው መለየት ጀመረ፤ ከዚያም ሹፌሮቹን በአነዳዳቸው መለየት ጀመረ፤ ይሄኛው አንተ ያስተማርከው ነው፣ ይሄኛውን ማን እንዳስተማረው እግዜር ይወቅ ይል ነበር፣ እነሱም እየሰሙ።

ከሹፌሮቹ አንዱ የአውቶቡሱ ሬዲዮ ይንተፋተፍበት ነበር። ጥይት ገና ከመቀመጡ፣ የድምፅ ማጉያው ወረቀት ተቀዷል፣ ሬዲዮው ደህና ነው አለው። ሹፌሩ በማግስቱ ፈትቶ እነ አባ ቀስታ ቤት አመጣው። ጥይት በጣቱ ዳብሶ ቀዳዳውን አገኘው። ማጣበቁን እሱ ሠራው፤ የተበጠሰውን ሽቦ ለመበየድ ግን ዓይን ያስፈልጋል። ስታኞ የሚያቀልጠውን ብረት የያዘችው የአባ ቀስታ ሚስት ናት፤ መርፌ የለመደ እጅ ስለሆነ አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ ወዲህ ከጋራዡ ሬዲዮ የሚመጣበት ሳምንት በዛ። የልብስ ስፌቷ ጠረጴዛ ግማሹ የሽቦ ሆነ፤ ጨርቄ ሁሉ ጭስ ጭስ ሸተተ እያለች ታማርራለች፣ አንድ ቀን ሥራ ሲጠፋ ግን፣ ዛሬ የሚመጣ የለም ወይ ብላ የጠየቀችው እሷ ናት።

የጥይት ዓይን አልተመለሰም። የቀረችው ጭላንጭልም ባለፈው ዓመት ጠፋች፤ ለጥቂት ሳምንታት ከቤት አልወጣም፣ ከዚያ ወጣ። መኪናዋን አልሸጣትም። በወር አንዴ ወደ እቴቴ ይሄዳሉ፣ የቀረውን ጊዜ ሸራዋ ስር ትቆማለች።

ዘንድሮ አባ ቀስታን ግራ ጉልበቱ ስላስቸገረው መንገዱን በሁለት ይከፍሉታል። መሃል ላይ አንድ ሰፊ ዛፍ አለ፤ እዚያ ያቆማታል። እሱ ከመኪናዋ ወጥቶ እግሩን እያፍታታ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ጥይት የመንገዱ ዳር ግንብ ላይ ይቀመጥና የሚያልፉትን መኪናዎች ይሰማል። ይሄ ናፍጣ ነው፣ ይሄ ጎማው ተበልቷል፣ ይሄኛው ደግሞ በሦስተኛ ማርሽ ረስቷት ነው የሚሄደው ይላል። አባ ቀስታ እያየ ልክ ነህ ወይም ተሳስተሃል ይለዋል።